ሻጋታ የናቀው ኬክ

ረጅም ዕድሜ የሚመረቀው ለሰው እንጂ ለዳቦ አይደለም። ዳቦ በወጉ ትናንት ተጋግሮ ዛሬ ይበላል፣ ነገ ይደርቃል፣ ከዚያ ወዲያ የዶሮ ነው። ይህን ሕግ አሻፈረኝ ያለ ኬክ አንድ ጊዜ ሚስት ሊያሳጣኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አመናችሁም አላመናችሁም ልንገራችሁ።

ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ጅማ ነው፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ፣ ወሬም ከቀበሌ ሱቅ። እኔ የበቾ ቦሬ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ የጅሬኗን ዘሀራን ወድጄ ሽማግሌ ላክሁ። አለቃቸው አጎቴ አባ መጫ ናቸው፤ የቡ በምትባለው ገጠር ቡናም ንብም ያላቸው ሰው። እኔማ በወጉ መሠረት አልሄድኩም። የምነግራችሁን ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ያየችው ዘሀራ ናት።

መቼም ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ «ልጃችንን ሰጥተናል» ሳይባል የሰው ቤት እህል አይቀምስም። አባት ደግሞ በአንድ ቀጠሮ እሺ ካለ ልጁን ያራከሰ ይመስለዋል። የዘሀራ አባት «እስቲ ዘመድ እንጠይቅ» እያሉ ወራት አለፉ። በየቀጠሮው ጠረጴዛው ላይ ኬክ ይቀርባል፤ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን የሄደው ወንድሟ ጀማል በሰው የላከው፣ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያለ። ሽማግሌዎቹ ሳይነኩት ይሄዳሉ፤ እናቷ ክዳኑን ገጥመው ቡፌው ላይ ይመልሱታል። ክረምት ገብቶ የጅማ እርጥበት ጫማችንን ሳይቀር ሲያሻግት፣ ኬኩ እንደተፈጠረ ነው።

በመጨረሻ አባት «ሰጥተናል» አሉ። ዱዓ ተደረገ፣ ኬኩ ተቆረሰ። አባ መጫ ቁራሻቸውን አገላብጠው አሸተቱና መልሰው አስቀመጡት።

«ይሄ መጀመሪያ የመጣን ጊዜ የነበረው አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው፤ አይበላሽም» አሉ አባት ኮራ ብለው።

«ወላሂ፣ ጉንዳን ያልቀመሰውን፣ ሻጋታ የናቀውን እኔ አልበላም። ማር የለም? ሙዝ የለም?»

ልጅ ከተሰጠ በኋላ እህል መግፋት ዝምድናውን መግፋት ነው። አባት ፊታቸው ጠቆረ፤ ዘሀራ የመጋረጃውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየች። ያኔ እናት ቀስ ብለው፣ «ልጄ ከሄደ ወዲህ ከእጁ ያገኘሁት ይሄንኑ ነው። እሱ ያስተናገዳችሁ እንዲመስለኝ ብዬ ነው» አሉ።

አባ መጫ ደነገጡ። ቁራሹን አነሱና «ቢስሚላህ» ብለው እንዳለ ጎረሱት። ሲያኝኩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከሐዘኔታ ይሁን ከኬኩ እስከ ዛሬ አልለየንም። ሌሎቹም ተከተሏቸው፣ እኔም ዘሀራን አገባሁ። በእኛ ቤት ጣፋጭ ሲያምረን የየቡ ማርና የጓሮ ሙዝ ነው፤ አንድ ቀን ካደረ ሙዙ ይጠቁራል፣ እኛም እንስቃለን።

ጀማል ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። እናቱ አልቅሰው ሲጨርሱ ጓዳ ገቡና ከዚያ ኬክ ያስቀመጡለትን ድርሻ በሰሃን ይዘው ወጡ። ትንሽ ደረቅ ብሏል እንጂ ሻጋታ የሚባል አልነካውም።

«ብላ፣ ያ ኢልማ ኮ፣ ብላ ልጄ። ያንተን ድርሻ ማንም አልነካብህም» አሉት።

ጀማል ቆረስ አድርጎ አኘከ። አኘከ፣ አኘከና በጭንቅ ዋጠው።

«እማ» አለ አፉን እየጠረገ፣ «ይሄን ደግሞ ማን ላከባችሁ?»