ብርጭቆ የበላው ወለል

ሰው እንግድነት ሄዶ ቤት ማድነቅ ሲጀምር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ግድግዳውን ያደንቃል፣ መጋረጃውን ያደንቃል፣ ቴሌቪዥኑ ስንት ኢንች እንደሆነ በዓይኑ ይለካል። ወለሉን ግን የሚያነሳው የለም። ወለል የሚታወሰው አንሸራቶ ሲጥል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አመል ሆኖብኝ ሰው ቤት ስገባ ቁልቁል ነው የማየው። እናቴ ጨዋነት መስሏት ስትኮራብኝ ኖራ፣ ኋላ ቴራዞ እየመረመርኩ መሆኑን ስታውቅ ተስፋ ቆረጠች።

ቴራዞ ምን መሰላችሁ? ሱዳኖቹ ሚዛይኮ ይሉታል። እብነ በረድ ሲቆረጥ የሚተርፈውን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ፍርፋሪ ትሰበስቡና ከሲሚንቶ ጋር ታቦኩታላችሁ፤ ታፈሱታላችሁ፤ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ውሃ እያጠጣችሁ ቀናት ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ በመሞረጃ ድንጋይ ፍቃችሁ የሆዱን ቀለም ታወጡታላችሁ። ቢያረጅ አይጣልም። ከላዩ ትንሽ ፈግፈግ ሲያደርጉት እንደገና ሙሽራ ነው። ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ ካላችሁኝ፣ ስልኬ። ትምህርት ቤት ያላፈራኝ መሃንዲስ ነኝ፤ ባትሪ እስካለ ድረስ።

እንደኔ ሱዳን ውስጥ ሳጃና ሰፈር ያደገ ሐበሻ ግን ቴራዞን ለማወቅ ስልክ አያሻውም፤ ሆዱ ያውቀዋል። በልጅነታችን ቀትር ላይ ከህረባው ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እትዬ ሙሉ ሻይ ቤት ገብቶ ሸሚዙን ገልቦ በሆዱ ይተኛ ነበር። ውጭ አስፋልቱ ሲቀልጥ ያ ወለል እንደ እንስራ ውሃ ይቀዘቅዛል። ወለሉን በእጃቸው ያፈሰሱት የእትዬ ሙሉ ባል ጋሽ ተካ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና ግንበኛ ነበሩ። የእብነ በረዱ ፍርፋሪ ሲያጥራቸው ሻይ ቤቱ ውስጥ የተሰበሩትን አረንጓዴ ብርጭቆዎች አድቅቀው ጨመሩበት። እትዬ ሙሉ ስባሪዎቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። “ይቺ በኳስ ጠብ የተሰበረችው ናት። ያቺ ደግሞ እናትህ አንተን አርግዛ የጣለቻት።” ለካ በሆዴ ስተኛ የኖርኩት በገዛ ታሪኬ ላይ ነው።

ጦርነቱ ሁላችንንም በተነን። እትዬ ሙሉ እስከ ገዳሪፍ ሸሽተው፣ እዚያ ከርመው ሲመለሱ በሩ የለም፤ መስኮቱ የለም፤ ሽቦው እንኳ ከግድግዳው ተስቦ ወጥቷል። ወለሉን ተሸክሞ የሚሄድ አልተገኘም። ወርቅ ፈላጊዎች ግን መሃሉን ቆፍረው ሰፌድ የሚያክል ጉድጓድ ትተዋል። ሐበሻ ወርቁን መሬት ውስጥ ይቀብራል ብሎ ማን እንደነገራቸው እንጃ። ሐበሻው ራሱ ወርቅ አለኝ ብሎ አያውቅም!

አከራዩ ሃጅ እድሪስ ጉድጓዱን አዩና አንድ ቃል ተናገሩ።

“ሴራሚክ።”

ወለሉን ሊሸፍኑት ነው።

“ያ ሃጅ፣ ይሄ የተካ እጅ ነው” አሉ እትዬ ሙሉ በዐረብኛ። “ፎቶውን ከነፍሬሙ ወስደውብኛል። የቀረኝ ይሄ ነው።”

እኔም ተመልሼ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ዝም ማለት ያስችለኛል? ሴራሚክ ሲሰነጠቅ መድረሻው ቆሻሻ መጣያ እንደሆነ፣ ቴራዞ ግን የልጅ ልጆቻቸውን እንደሚያሳድግ፣ ያለን ነገር ማደስ አዲስ ከማምጣት እንዴት እንደሚሻል ግማሽ ሰዓት አስረዳሁ። ሃጅ ደከሙ።

“ያ ባሽሙሃንዲስ፣” አሉኝ፤ ኢንጂነሩ ማለት ነው፣ ለማሾፍ። “የዛሬ ሁለት ጁምዓ እመጣለሁ። ጉድጓዱ የቱ ጋ እንደነበረ ካየሁ፣ ሴራሚክ። ካላየሁ ኸላስ፣ ይቅር።”

እብነ በረዱን ሱቅ ዐረቢ ገበያ ከፈረሰ ሱቅ ደጃፍ ላይ ባለቤቱን ለምኜ ለቀምኩ። አረንጓዴውስ? ከተማውን ዞርኩ። ያን ዓይነት አረንጓዴ የለም። እትዬ ሙሉ ጓዛቸውን ፈቱ። ስድስት ብርጭቆዎች፤ ወለሉ ከበላቸው አረንጓዴዎች የተረፉ። ገዳሪፍ ድረስ በነጠላ ጠቅልለው ተሸክመዋቸው ሄደው፣ ተሸክመዋቸው ተመልሰዋል።

“እትዬ፣ አንዷን እንኳ ያስቀሯት።”

“አንዷ ብቻዋን ምን ትሠራለች? ያላ፣ መዶሻውን አምጣ።”

ስድስቱንም ራሳቸው ሰበሯቸው። እኔ ወደ ውጭ ነበር የማየው።

አፈሰስኩ፣ ውሃ አጠጣሁ፣ ጠበቅሁ። መብራት ስላልነበረ በእጄ ሞረድኩት፤ ጉልበቴ የኔ አልመስል እስኪለኝ።

ጁምዓ ደረሰ። ሃጅ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቤቱን ዞሩ። ጎንበስ አሉ። በዱላቸው መታ መታ አደረጉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አጠለቁ።

“ወላሂ፣ አጣሁት!”

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ያን ሁሉ ለፍቼ ሳይታይልኝ ሊቀር ነው?

“እዚህ ጋ ነው፣ ያ ሃጅ! ከዚህ እስከዚህ! የድሮው ሲሚንቶ ትንሽ ጠቆር ስለሚል እኔ ደግሞ...”

እትዬ ሙሉ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። “ምላስህን ይቁረጠው!” አሉ በአማርኛ፣ ሃጅ እንዳይገባቸው።

ሃጅ የጠቆምኩላቸውን ክብ ለረጅም ጊዜ አዩት።

“አሁን አየሁት” አሉ። “ካሁን በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አይታየኝም።”

እሳቸው ደጅ ያለችውን የፕላስቲክ ወንበር ጎትተው አምጥተው ልክ ክቡ ላይ ተከሏትና ተቀመጡባት።

“ኸላስ፣ አሁን አይታየኝም። ሻይ የለም እንዴ፣ ያ ሙሉ?”

ሻዩ በሳልሳ ጣሳ ቀረበላቸው። ይኸው እስከዛሬ፣ በየቀኑ ከሶባ ድረስ በሚኒባስ እየተንገላቱ መጥተው ያቺን ክብ ይሸፍናሉ። “እኔ ከቀረሁ ሰው ያየዋል” ይላሉ፣ ጣሳቸውን እያስሞሉ። እትዬ ሙሉም በአማርኛ “ሴራሚኩ ይሻለኝ ነበር” እያሉ ሦስተኛ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩላቸዋል።