ጫማ አውልቆ የሚጎበኝ መጸዳጃ ቤት

የሰው ልጅ በቤት ውስጥ ንጽሕና ረገድ ካስመዘገባቸው ድሎች ሁሉ ላቅ ያለውን ያስመዘገቡት፣ ሰፈሩ ጋሽ ቧንቧ የሚላቸው ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግኑ፣ የሰው ቤት ሽንት ቤት ሲደፈን እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲከፍቱ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ በገዛ ቤታቸው፣ በሰፈሩ የመጀመሪያ የሆነውን ዘመናዊ መጸዳጃ ቤት ሠሩ። ሠሩና ቆለፉት።

ታላቁ ግኝታቸውም ይኸው መቆለፉ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩ ባለሙያዎች መጸዳጃ ቤት እንዴት እንደሚጸዳ ሲጨነቁ ኖረዋል። ጋሽ ቧንቧ ግን ችግሩን ከሥሩ ነቀሉት፤ ሰው ያልተቀመጠበት መጸዳጃ ቤት አይቆሽሽም።

"ዕድሜ ልኬን ያየሁት ነው" ይላሉ ለጎብኚ። "ሽንት ቤት የሚበላሸው ሰው መጠቀም የጀመረ ቀን ነው።"

ጎብኚው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል። ነጩ መቀመጫ ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ እንደለበሰ ነው፤ በላስቲኩ ላይ ዳንቴል፣ በውሃ ማጠራቀሚያው ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ። ጋሽ ቧንቧ የውሃ መልቀቂያውን እጀታ ከሩቅ በጣታቸው ያሳያሉ እንጂ አይነኩትም። ጎብኚው አድንቆ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ትንሽ ቸኮል ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ሥልጣኔ ያልደረሳቸው ሰው ቢኖሩ ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። ቤተሰቡ የሚጠቀመው በጓሮ ያለውን አሮጌውን ሽንት ቤት ሲሆን፣ እዚያ ለመድረስ የድንጋይ ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል። እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ባለፈው ክረምት ደረጃው ላይ አንሸራቷቸው ወድቀው ለረጅም ጊዜ ተኝተዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ውሃ መጠጣት ያቆማሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ" አሉ አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር።

"ለምን?"

"የሽንት ቤት ቁልፍ ለምን ይፈለጋል?"

"እሱ ለእንግዳ ነው።"

"እንግዳ መቼ ተቀምጦበት ያውቃል?"

"ጨዋ እንግዳ አይቀመጥም። አይቶ ይሄዳል።"

"እኔስ?"

"አንቺማ የቤት ሰው ነሽ" አሉ ጋሽ ቧንቧ በፍቅር፣ ጃንጥላውን እያቀበሏቸው።

እትዬን ከፋቸው፤ የምር ከፋቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ሲወርዱ በየደረጃው ምን እንዳሉ መጻፍ ግን ለዚህ ዓይነቱ የተከበረ ጽሑፍ አይመጥንም።

ዝና እግር አለውና ወሬው ጤና ጽሕፈት ቤት ደረሰ። ጽሕፈት ቤቱም የሞዴል መጸዳጃ ቤት መራጭ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም ዝናብ በሚጥልበት አንድ ከሰዓት በኋላ ከነምስክር ወረቀቱ መጣ። እትዬ ሻይ አቀረቡ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደጋግመው ጠጡ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ አውራ ጣታቸው ከካልሲያቸው ብቅ እንዳለ፣ መቀመጫው ፊት ቆመው ንግግር አደረጉ።

"ይህ መጸዳጃ ቤት ተጠቃሚን ማዕከል ያደረገ አገልግሎት በዘላቂነት በመስጠት ረገድ…" እያሉ ቀጠሉ። ሻዩም ሥራውን ቀጠለ። ወደ ማጠቃለያው ሲቃረቡ ሰብሳቢው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው መቀያየር ጀመሩ።

"አባታችን፣ ይቅርታ፣ እግረ መንገዴን ብጠቀምበትስ?"

የጋሽ ቧንቧ ፊት ዐመድ መሰለ። "እሱ እንኳ… ሌላ አለልዎ፤ በጓሮ በኩል።"

እትዬ ልባቸው በተስፋ ዘለለ። አሁን እኚህ የተማሩ ሰው ይቆጡልኛል፣ ቁልፉም ዛሬ ይለቀቃል ብለው ጠበቁ።

"ይገባኛል" አሉ ሰብሳቢው በአክብሮት። "እኛም መሥሪያ ቤት እንዲሁ ነው። ደህናዋን ከበላይ አካል ለሚመጣ እንግዳ ቆልፈናታል።"

ጃንጥላውን ተቀብለው በካልሲያቸው ወደ ጓሮ ሮጡ። ብዙም ሳይቆይ ከደረጃው በኩል የመውደቅ ድምፅ ተሰማ። ኮሚቴው በሙሉ ሊያነሳቸው ወረደ፤ ጋሽ ቧንቧም ተከተሉ። በጥድፊያው ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ቀረ።

እትዬ ቁልፉን አዩት። ነቀሉት፤ ገቡ፤ ከውስጥ ቆለፉ።

ሰብሳቢው ጭቃ ለብሰው፣ እያነከሱ ተመለሱ። ለሽልማቱ ፎቶ ሁሉም በሩ ፊት ተሰለፈ። ጋሽ ቧንቧ በሩን ሲገፉ አልከፈት አለ።

"ማነው?"

"እንግዳ" አለ የእትዬ ድምፅ።

"አንቺ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው እኮ።"

"ይቁም። እኔስ ስንት ዘመን ቆሜ የለ?"

"ላስቲኩስ?"

"ቀደድኩት።"

ጋሽ ቧንቧ ግድግዳውን ተደገፉ። ከዚያ በዚያ ቤት ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ መጣ። ውሃው ዷ ብሎ ወረደ፣ ተንደቀደቀ፣ ጸጥ አለ፣ ማጠራቀሚያው ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሳያስበው አጨበጨበ። የጋሽ ቧንቧ ዓይን እንባ አቀረረ።

"ይሠራል እንዴ?" አሉ በሹክሹክታ።

"ሞክረውት አያውቁም?" አሉ ሰብሳቢው።

"አልጨከንኩባትም።"

ኮሚቴው የምስክር ወረቀቱን ግድግዳው ሥር አስደግፎ፣ ሰብሳቢውን ደግፎ ሄደ። ጋሽ ቧንቧ ብቻቸውን በሩ ፊት ቀሩ። ከጭንቀቱ ይሁን ከውሃው ድምፅ፣ የሆነ ነገር ይሰማቸው ጀመር።

"አንቺ…"

"አቤት።"

"ስትጨርሺ እኔም ትንሽ ብገባስ?"

"ለመጎብኘት ከሆነ ጫማህን አውልቅ" አሉ እትዬ ከውስጥ፣ ምንም ሳይቸኩሉ። "ለመቀመጥ ከሆነ ተራህን ጠብቅ።"

ጋሽ ቧንቧ በመስኮት ወደ ጓሮ ተመለከቱ። ዝናቡ በርትቷል። ጃንጥላውን ሰብሳቢው ይዘውት ሄደዋል። የቤት ውስጥ ንጽሕና ፈር ቀዳጁ ትንሽ አሰቡና፣ ጫማቸውን እንዳጠለቁ በሩ ፊት ተሰለፉ።