እትዬ መጋረጃ ቁጭ ያሉ ቀን

በየቤተሰቡ፣ መከራን ገና ከደጅ ሳለ የምታሸት አንዲት አክስት አለች። «እኛ ቤትስ የለችም» የምትሉ ካላችሁ፣ ክፉ ቀን ገና አልጎበኛችሁም ማለት ነው።

የእኛዋ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ፊት ለፊት «እትዬ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ «ክብርት እትዬ መጋረጃ»። ሰው ሲታመም ወይም ሲፋታ ከወሬው ቀድመው ይደርሳሉ። «እግዜር ይማር» የለ፣ «አይዟችሁ» የለ፤ ወንበር ላይ ወጥተው መጋረጃ ያወርዳሉ። ከዚያ ቤተሰቡን ሁሉ ያሳጥባሉ። «ማልቀስ ይቻላል፤ መቀመጥ አይቻልም!»

እኔ ድሮም አላምናቸውም። ለሰው ችግር እንዲህ መፍጠን ያለ ነገር አይደለም እላለሁ። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ሱቅ ሲቃጠል፣ አመዱ ሳይበርድ ሚስቱን ምንጣፍ ሲያሳጥቧት አይቻለሁ። ፊታቸው ላይ ሐዘን ብፈልግ ያገኘሁት የሳሙና አረፋ ነው። እህቴን እጮኛዋ የተዋት ጊዜ ደግሞ፣ ምስኪኗ አቅፋ የምታለቅስበት ትራስ አጥታ ዋለች። ትራሱ ሁሉ ታጥቦ ገመድ ላይ ነበር።

አባቴ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ሐኪም ቤት ሲተኛ ግን ጥርጣሬዬ ወደ ንዴት ተለወጠ። እናቴና ወንድሜ ተኳርፈው ነበር። «አባትህ ራሴን አዞረኝ ሲልህ ሰምተህ ዝም አልክ» ስላለችው፣ ወንድሜ ከክፍሉ መውጣት ትቷል። አባቴ ቢተርፍ እንኳ የሚመለስበት ቤት መኖሩን እንጃ ብዬ ፈራሁ። እትዬ በዚህ መሃል መጥተው ትልቁን ብርድ ልብስ ነከሩት።

«እትዬ፣ ሰው ሊሞትብን ነው እኮ!»

«እሱን ሐኪሞቹ ይዘውታል። አንተ ገመዱን ወጥር።»

የረጠበ ብርድ ልብስ ለብቻ አይጨመቅም። አንዱን ጫፍ ለእናቴ፣ ሌላውን ለወንድሜ አስያዟቸው። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ቢያዞሩት ጠብ የሚል ውሃ ጠፋ።

«ወደዚያ ጠምዝዘው እንጂ!» አለች እናቴ፤ ካኮረፈችው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«አንቺ ነሽ ወደዚህ ማዞር ያለብሽ!»

እየተጨቃጨቁ ጠመዘዙት፤ ውሃው እግራቸው ላይ ወረደ። ብርድ ልብሱን እንደያዙ ተላቀሱ። እኔ ግን የማየው እትዬን ነበር፤ ፈገግ ብለዋል። «ይኸው፣ ደስ ይላቸዋል» ብዬ ቂም ያዝኩባቸው።

አባቴ ዳነ፤ አሁን በከዘራ ይሄዳል።

ባለፈው እሁድ እትዬ ሳይታሰብ መጡ። እናቴ ክው አለች።

«ምነው እትዬ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

መጋረጃውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ቦርሳቸውን አቅፈው ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ ቁጭ ብለው አይቼ ስለማላውቅ ጠረጠርኩ።

«ምን ሆነዋል እትዬ?»

«ምንም። ጡቴ ላይ እብጠት አለ ብለው ነው። ነገ ኦፕራሲዮን ነው።»

የቦርሳቸውን ዚፕ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ የእሳቸውን መጋረጃ ማን ያወርዳል? ያን ጊዜ ምን ያህል እንደምወዳቸው ገባኝ። «አይዞዎት» ማለቱን ትቼ ወንበር ስቤ ወጣሁና መጋረጃችንን አወረድኩት።

«አብደሃል? ንጹሕ እኮ ነው!»

«ማልቀስ ይቻላል፣ እትዬ» አልኩና ጫፉን ዘረጋሁላቸው።

አባቴ ከዘራውን ግድግዳ አስደግፎ፣ በደህናው እጁ ሌላውን ጫፍ ያዘ። እትዬ ወንድማቸውን አዩት። ቦርሳውን አስቀምጠው ተነሡና፣ ቆመው አለቀሱ።