በየአገሩ ሰው ያላቸው ጋሽ ሰንበታ

በየቤተሰቡ «እዚያ ሰው አለኝ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ፓስፖርት ሊወጣ ሲታሰብ ኢሚግሬሽን ውስጥ ሰው አለው። ሲሚንቶ ከገበያ ሲጠፋ ፋብሪካው ውስጥ ሰው አለው። ዘመድ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ፣ በር ላይ ከሚፈትሸው ጥበቃ ጀምሮ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል ድረስ ሰው አለው። በእናንተ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም ካላችሁ ወይ አጎታችሁን ረስታችኋል፣ ወይ ሰውየው እናንተው ናችሁ።

በአዳማ ይህን ማዕረግ የያዙት ጋሽ ሰንበታ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነድተዋል። በዚያ መንገድ ላይ ጎማ ያልቀየሩበት፣ ሻይ ያልጠጡበት፣ የሰው ስም ይዘው ያልተመለሱበት ከተማ የለም። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች «ክቡር ሚኒስትር» እያሉ ከመቀመጫቸው ይነሱላቸዋል። የምን ሚኒስትር እንደሆኑ የጠየቀ እንግዳ ካለ፣ «የሰው» ብለው ይመልሱለታል።

ምራታቸው አያንቱ ግን ፋርማሲስት ናት። መድኃኒት በግምት አይሰጥም፤ እሷም በግምት መኖር አትወድም። ከአማቷ ጋር በአንድ ግቢ ስትኖር ያየችው ብዙ ነው። አንድ ጊዜ «ሽንኩርት ከዚህ አትግዢ፤ መቂ ሰው አለኝ» ብለው ይዘዋት ሄዱ። ሰውየው ደላላ ነበር። ጋሽ ሰንበታን አቅፎ ሳማቸው፣ ምሳ ጋበዛቸው፣ ከዚያ ለአዲስ አበባ ነጋዴ በሚሸጥበት ዋጋ ሸጠላቸው። ሲመለሱ «አየሽ፣ እሱ ባይኖር ኖሮ…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ልጆቹን ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወደሚገኝ አንድ ሪዞርት ወሰዷቸው፤ የአትክልተኞቹ አለቃ የእሳቸው ሰው ነበርና። አለቃው ሥራውን ከለቀቀ ቆይቶ ኖሯል። በር ላይ ፀሐይ ሲበላቸው ቆይተው እንደማንኛውም ሰው ከፍለው ገቡ። ሲወጡ ግን ጋሽ ሰንበታ ከጥበቃው ጋር ስልክ ተለዋውጠዋል። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሰው አለን» አሉ በሙሉ እምነት።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን አያንቱ የማትክደው ነገር አለ። እሷና ጫላ በተጋቡበት ቀን መብራት ጠፍቶ፣ የአዳራሹ ጄነሬተር አልነሳ ብሎ፣ የሙሽራዋ እናት ማልቀስ ሲጀምሩ፣ ጋሽ ሰንበታ ድንገት ከአዳራሹ ተሰወሩ። ኬኩ ሳይቆረስ በአይሱዙ ላይ ጄነሬተር ጭነው፣ አንድ የሞጆ ሰው አስከትለው መጡ።

ባለፈው ዓመት ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺዓለም አረፉ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሰንበታ ዝም አሉ። ጠዋት በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ ማታም እዚያው ናቸው። የቤቱ ቧንቧ ሲፈነዳ እንኳ «ሰው አለኝ» ሳይሉ ጫላ ከመንገድ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ አሠራ። ያን ቀን አያንቱን የአማቷ ዝምታ አስፈራት።

ከዕለታት አንድ ቀን ትልቋ ልጅ ቦንቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስለ እሳተ ገሞራና ስለ ባሕር ተምራ መጣች። እራት ላይ «እኛ ባሕር አይተን እናውቃለን?» አለች። ከአያታቸው በቀር ማንም አላየም። ታናሿ ኢፋ ሐይቅ አይቻለሁ ብላ ተከራከረች። ጋሽ ሰንበታ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

«ታጁራ ሰው አለኝ» አሉ።

ጫላና አያንቱ ተያዩ። ታጁራ ከጅቡቲ ከተማ ማዶ፣ እሳተ ገሞራ ባጠቆረው አገር ጫፍ ላይ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ሩቅ ነው፣ ሙቀት ነው፣ የውጭ አገር ነው። ኢፋ ደግሞ አስም አለባት። ሆኖም በዚያች ቅጽበት እንቢ ለማለት የሚደፍር በቤቱ አልነበረም። ጉዞው በዚህ ተወሰነ።

ዝግጅቱን አያንቱ ያዘችው። ሙቀቱ በሚቀንስበት በጥር፣ በልጆቹ የእረፍት ጊዜ እንዲሆን አደረገች። ጫላ ዱከም ካለው ፋብሪካ ፈቃድ ስላላገኘ እሷ፣ ልጆቹና አማቷ በባቡር ሊሄዱ ሆነ። የጥያቄዋ ብዛት ግን ማለቂያ አልነበረውም። የት እናድራለን? ሐኪም ቤት ቅርብ ነው? ውሃውስ? ልጅቷ ትንፋሽ ቢያጥራት? ለሁሉም መልሱ አንድ ነበር። አዋሽ መሐመድሰዒድ አለ፣ ታጁራ አብዱልሃኪም አለ። «ልጄ፣ አንቺ ልብስ ብቻ አዘጋጂ። ሰው ባለበት አገር ምን ያሰጋል?»

አንድ ቀን ቀትር ላይ አያንቱ ለምሳ ስትመጣ ጋሽ ሰንበታ በረንዳው ላይ ስልክ ይዘው ነበር። ጆሯቸው ስለሚደክም ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት። በሩ ጋ ስትደርስ ከስልኩ የሴት ድምፅ ሰማች፦ «የደወሉለት ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም።» ጋሽ ሰንበታ ዘጉትና ሌላ ቁጥር ሞከሩ። ያው ድምፅ መጣ። ሦስተኛውን ሲሞክሩ ቦንቱ ከጓዳ ብቅ አለች። ያን ጊዜ ስልኩን ከጆሯቸው ጋር ለጥፈው፣

«እሺ ወንድሜ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» አሉ መስመሩ ላይ ማንም ሳይኖር። «ልጆቹን ይዤ ነው የምመጣው። እሺ። እሺ። አይዞህ፣ አንጠፋም።»

ቦንቱ ደስ ብሏት ተመለሰች። ጋሽ ሰንበታ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጥሩን ማየት ያዙ።

አያንቱ ወደ መንገዱ ተመልሳ ወጣች። ትንሽ ቆይታ የግቢውን በር በኃይል አንኳኩታ፣ ጫማዋን እያስጮኸች ገባች።

«ከማን ጋር ነበር አባባ?»

«መሐመድሰዒድ ነው፤ የአዋሹ። ጣቢያው ድረስ መጥቼ አያችኋለሁ ብሏል።»

«ሰላም ይበሉልኝ» አለች። ለምን እንዲህ እንዳለች ራሷም አላወቀችም።

ለጫላ ስትነግረው «እንግዲያው ቁርጡን ንገሪያቸውና አይጠብቁ» አላት። «አንተ ንገራቸዋ፣ አባትህ ናቸው» አለችው። ሁለቱም አልነገሯቸውም። አያንቱ ብቻ በድብቅ ታጁራ ውስጥ ባሕር ዳር ያለ ማረፊያ ቤት አፈላልጋ ክፍል ያዘች።

ባቡሩ አዋሽ ሲደርስ ጋሽ ሰንበታ ኮታቸውን አስተካክለው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ጣቢያው ከከተማው የራቀ ነው። ሜዳው ላይ ጥቂት ተሳፋሪና አንድ ፍየል የሚጎትት ሰው ነበር።

ልጆቹ አያታቸውን በኦሮምኛ «አካኮ» ነው የሚሏቸው። «አካኮ፣ ሰውህ የታለ?» አለች ቦንቱ።

ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሜዳውን ሲያማትሩ ቆዩ። ከዚያ ተቀመጡና፣ «ሰው ይሸመግላል፣ ልጄ። ይኼን ያህል መንገድ አይሄድም ይሆናል» አሉ። ዓይናቸው ከአያንቱ ዓይን ጋር ተጋጨ። እሷ ቶሎ ብላ የኢፋን ሹራብ መቆለፍ ጀመረች።

ጅቡቲ ከተማ አድረው በማግስቱ በኪራይ መኪና ወደ ታጁራ ጉዞ ጀመሩ። ከተማው አልቆ ሜዳው ካለፈ በኋላ ምድሩ ጠቆረ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ የተሰነጠቀ፣ የተቃጠለ፣ ሣር የሌለበት። ኢፋ ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ብዙ አየች።

«ማን ነው ያቃጠለው?»

«መሬቱ ራሱ ነው» አሏት አያቷ። «ውስጡ እሳት ነበረ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አለ። ዝም ብሎ ነው።»

ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ባሕሩ ድንገት ብቅ ሲል ልጆቹ አልጮኹም። ቦንቱ የእናቷን እጅ ያዘች፣ አልለቀቀችም። አያንቱም ይህን ያህል ውሃ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

ታጁራ ሲገቡ ሾፌሩ የት እንደሚያወርዳቸው ጠየቀ። ጋሽ ሰንበታ ሊመልሱ ሲሉ አያንቱ የማረፊያ ቤቱን ስም ነገረችው። ጋሽ ሰንበታ ወደ እሷ ዞሩ።

«ክፍል ይዘሻል?» አሏት።

«ይዣለሁ አባባ።»

«ደግ አደረግሽ።» ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ቀጥለውም «አብዱልሃኪምን ብቻ ልጠይቅና እንሄዳለን» አሉ።

«ደውለውለት ነበር?»

«አልደወልኩም።» እጃቸውን ተመለከቱ። «ሌሎቹን ደውዬ አየኋቸው። ለእሱ መደወል ፈራሁ።»

አያንቱ ሾፌሩን አቁም አለችው።

እየጠየቁ ከመስጊዱ ኋላ ወዳለ ነጭ ቤት ደረሱ። በሩን የከፈተችው ሃፍሳ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። ድሬዳዋ ተምራ ስለነበር አማርኛ ትችላለች፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ የሚለውን የድሬዳዋን አማርኛ።

«ማንን ነው የምትፈልገው አባቴ?»

«አብዱልሃኪምን። ጅቡቲ ወደቡ ጋ ሻይ ቤት የነበረውን።»

«አባቴ ነው። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሞተ።»

ጋሽ ሰንበታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነፍስ ይማር አሉ። ስማቸውን ነገሯት፤ አላወቀቻቸውም። በትሕትና ውሃ ላምጣላችሁ አለች፤ እሳቸው ግን አይ፣ መንገድ ላይ ነን ብለው ዞሩ። አያንቱ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትጠጋ ቆም አሉ።

«ሲስቅ አፉን ይሸፍን ነበር» አሉ ወደ ሃፍሳ ዞረው። «የፊት ጥርሱ ተሰብሮ ነው። የሰበረው የኔ መኪና ክሪክ ነው። እዚያ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጎማ ሲፈነዳብኝ፣ ሳያውቀኝ ወርዶ ሲያግዘኝ ክሪኩ ሸርተት ብሎ አፉን መታው። ደሙ እየፈሰሰ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በሳቀ ቁጥር እጁ ወደ አፉ ይሄድ ነበር። ለኢድ በጀልባ እዚህ ቤት አምጥቶ አብልቶኛል።»

ሃፍሳ ወደ ውስጥ ገብታ በፍሬም ያለች አንዲት ፎቶ ይዛ መጣች። ቀጭን ሰው በር ላይ ቆሞ አፉን በመዳፉ ሸፍኗል።

«ያለችን ይቺ ብቻ ናት» አለች። «ሕመሙ ጀምሮት እያሳለ ነው ይሉኛል። እናቴ ሳትነግረኝ ሞተች። እኔ ይቺን ሳይ ሁልጊዜ የታመመ ሰው ነው የማየው።»

ጋሽ ሰንበታ መነጽራቸውን አውጥተው አዩ። ብዙ አዩ።

«አልታመመም» አሉ። «ዓይኑን እዪው እስቲ። ይኼ እኮ እየሳቀ ነው።»

ሃፍሳ ፎቶዋን ከእጃቸው ወስዳ ወደ ብርሃን አዞረቻት። ከዚያ በሩን በሰፊው ከፈተችው።

ያን ምሽት ከቤቷ አላስወጣቻቸውም። አያንቱ ለማረፊያ ቤቱ ደውላ እንደማይመጡ ነገረቻቸው። ያለ ዕቅድ በማታውቀው ሰው ቤት ስታድር የመጀመሪያዋ ነው። የኢፋን የሚነፋ መድኃኒት ራስጌዋ አስቀምጣ ትንፋሿን ብታዳምጥ ልጅቷ በደህና ተኝታለች።

ጠዋት ሁሉም ባሕር ዳር ወረዱ። ልጆቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ቆሙ፤ ማዕበሉ ሲመጣ ይሸሻሉ፣ ሲመለስ ይከተሉታል። ቦንቱ ውሃውን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። ጋሽ ሰንበታና ሃፍሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሃፍሳ «ሌላስ?» ትላለች፤ እሳቸው ይቀጥላሉ። አብዱልሃኪም ሻዩ ላይ ቅርንፉድ እንዴት እንደሚያበዛ፣ ባሕር ዳር ተወልዶ ዋና እንደማይችል፣ ለአንድ ዘፈን ብሎ ሬዲዮኑን እስኪነድ እንደሚያስጮኸው።

አያንቱ ከኋላቸው ቆማ ስታዳምጥ ድምፃቸው የት ላይ እንደተለወጠ ታወቃት። ያን ቀን ቀትር በተዘጋው ስልክ ያወሩበት ድምፅ ነበር፤ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ትንሽ የፈጠነ። አብዱልሃኪም አሁን በማዕበል ውስጥ የሰጠመች ጀልባ ይጎትት ነበር፣ ዋና የማይችለው ሰውዬ። ሃፍሳ ጉልበቷን አቅፋ ሁሉንም እኩል ትሰማለች።

አያንቱ ነጠላዋን አጣጥፋ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ከዚያስ አባባ?» አለች። «ጀልባዋን አወጣት?»