ክቡር ይደገም

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማያምን ሰው ይመደባል። ማን እንደሚመድበው አይታወቅም እንጂ ሳይመደብለት የቀረ መሥሪያ ቤት የለም። የካንሰር ምርመራ ላቦራቶሪው ድርሻ የቴክኒሻኖቹ አለቃ ናቸው። ፊት ለፊት "ጋሼ" ይባላሉ፤ ከኋላ ግን "ክቡር ይደገም"።

ክቡርነታቸው በር ቆልፈው ደረጃውን ከወረዱ በኋላ ተመልሰው መቆለፉን ያያሉ። ሌላ ሰው የጠራውን ሊፍት እሳቸውም ይጠሩታል። የልጅ ልጃቸው ሲወለድ "ሦስት ኪሎ ተኩል ነው" ቢሏቸው፣ "እስቲ ሌላ ሚዛን ላይ አስቀምጡት" ብለዋል።

ከሁሉ የተማረረችው ስላይድ የምታነበው ወጣት ሐኪም ናት። ከዕጢ የተቆረጠች ስስ ቁራጭ በማቅለሚያ ትነከራለች፤ የሚፈለገው ፕሮቲን ካለባት ቡኒ ትሆናለች፣ ከሌለባት አትሆንም። ሐኪሟ በማይክሮስኮፕ አይታ ትፈርማለች። ብዕሯን ስታነሳ ግን ከትከሻዋ ኋላ ጉሮሮ ይጠረጋል።

"ዶክተርዬ፣ ይደገም።"

ዓመት ሙሉ ይህን ስትሰማ ኖራ፣ አሁን አሁን ባሏ ቤት ውስጥ ሲያስል እንኳ የያዘችውን ታስቀምጣለች።

አንድ ሰኞ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ናሙና መጣ። ናሙናው የጋሼ የታላቅ እህታቸው ነበር፤ እናት ሆነው ያሳደጓቸው። ካንሰሩ ወደ ንፍፊቶች ተዛምቷል። የቀረው አንድ መድኃኒት ነው፤ እሱም የሚሠራው ዕጢው ላይ ያ ፕሮቲን በብዛት ከተገኘ ብቻ ነው።

ስላይዱ ቡኒ ሆኖ ወጣ። ሐኪሟ ተነስታ ልታቅፋቸው ምንም አልቀራት። ጋሼ ግን አጎንብሰው የሚያዩት ከጎኑ ያለውን ነበር፤ ፕሮቲኑ እንደሌለበት አስቀድሞ የታወቀውን፣ ንጹሕ ሆኖ መውጣት ያለበትን ማነጻጸሪያ። እሱንም ቡኒ ነገር ነካ አድርጎታል።

"ይደገም" አሉ።

"ጋሼ፣ ትንሽ እኮ ነው። ደግሞ እህትዎ ናቸው።"

"ለዚያ ነዋ። ማቅለሚያው ሁሉንም የሚያቀልም ከሆነ የእሷም ቡኒ አይታመንም። መድኃኒቱ ልብ ይጎዳል፤ ለማይረዳት ነገር ልቧን ልንካባት?"

ሁለት ቀን ፈጀ። ሐኪሟ መጀመሪያ ላይ በሆዷ ስትረግማቸው ዋለች። ማግስቱን ከምሳ ስትመለስ ግን ሳይበሉ ከማቅለሚያው ማሽን ፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው። የእህታቸውን የምርመራ ወረቀት እያጠፉ እየዘረጉ ነበር። አፈረች፤ እንዲህ የሚፈራ ሰው እንዲህ ሲጠነቀቅ አይታ አታውቅም።

ረቡዕ ማነጻጸሪያው ጥርት ብሎ ወጣ። የእህታቸው ዕጢ ቡኒ ነው፣ ዳር እስከ ዳር። ሐኪሟ ብዕሯን አንስታ ጠበቀች። ዞር ስትል ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ነው።

"ፈርሚ" አሉ። "እትዬ ጋም አንቺው ደውዪልኝ፤ እኔ ድምፄ ይከዳኛል።"

ደወለች። ፕሮቲኑ መገኘቱን፣ መድኃኒቱ ሊሞከር እንደሚችል፣ ልባቸውም እየተመረመረ እንደሚሰጥ ረጋ ብላ አስረዳች።

"እሱ አይቶታል?" ሲሉ ጠየቁ ሴትየዋ ከወዲያ በኩል።

"አይተውታል፤ ሁለቴ።"

"እንግዲያው መቼ ልምጣ?"