መጀመሪያ የሮጠው ማን ነው?

እባካችሁ፣ የአቃቂ ሰው ፊት «መጀመሪያ» የምትለውን ቃል አታንሱ። አሁን ሳሪስ ስለገባን ነው እንጂ እዚያ እያለን ይህን ለመጻፍ አልደፍርም ነበር። አሁንም በሩን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ባቡሩ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት እኛ ጋ ነው የደረሰው። ታዲያ አቃቂ በሰቃ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት ከዚያ ዘመን የቀረለት አንድ «መጀመሪያ» አለው። የጎረቤታችን የአልማዝ አያት መጀመሪያ ባቡር የተሳፈሩ ናቸው። «ለሀዲዱ ሠራተኞች መጀመሪያ ጠላ የሸጠችው እናቴ ናት» የሚሉ አሉ። የፋብሪካውን ጥሩምባ መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ የሚሉም አልጠፉም። ሁሉም እኩል አልሰማውም እንዴ? ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

የእኛስ ቤት? የእኛ አያት ባቡሩ ሲመጣ መጀመሪያ የሮጡ ናቸው። ወደ ባቡሩ እንዳይመስላችሁ! ሳሪስ አቦ ደጅ እስኪደርሱ ዞር ብለው አላዩም ይባላል። ሠርግ ላይ ይህ ወሬ ሲነሳ ልጃቸው አባባ ቶሎ ብለው ስለ ዝናብ ያወራሉ።

እኔ አያቴን ነው የወጣሁት። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ከሁሉ የምፈራው ግን ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንሻገረውን የባቡር ድልድይ ነበር። በመኪናው መንገድ መዞር ሩቅ ስለሆነ ልጁ ሁሉ በሀዲዱ ላይ ይሄዳል። ወንዙ በእንጨቶቹ መሐል ቁልቁል ይታያል። ባቡር ቢመጣስ? የአቃቂ ሰው በዚህ ይስቃል። ባቡሩ ሁልጊዜ ይዘገያላ! የአልማዝ እናት እትዬ ዘነበች እንኳ «ገና ነው» እያሉ ያጠቡትን ልብስ ሀዲዱ ላይ ያሰጣሉ።

አንድ ቀን ድልድዩ መሐል ስንደርስ ወንዙን አይቼ ቆምኩ። አልማዝ ከፊቴ ቆመችና ልጆቹን ለማሳቅ፣ «አንቺ የሯጩ ዘር! ነይ እንጂ፣ ሳሪስ ድረስ አይደለም!» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። ሀዲዱን ለመያዝ አጎነበስኩ። ብረቱ ይርገበገባል። የራሴ መንቀጥቀጥ መስሎኝ እጄን አነሳሁ። ሀዲዱ ላይ ያለች ትንሽ ጠጠር ግን ብቻዋን ትዘላለች።

«ባቡር!» አልኩ።

«ገና ነው» አለች አልማዝ፣ ልክ እንደ እናቷ።

በትከሻዬ ገፋ አድርጌያት ሮጥኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ወዲያው ከኋላችን ፉጨቱ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ የሚስቅ አልነበረም። የመጨረሻዋ ልጅ ከድልድዩ ወጥታ ሳሩ ላይ ስትወድቅ ባቡሩ ቀሚሳችንን እያውለበለበ አለፈ። አፍንጫው ላይ የእትዬ ዘነበች ነጠላ ተጠምጥሞበታል።

አልማዝ እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔም በሆዴ፣ ከእንግዲህ በሩጫ የሚሰድበን የለም አልኩ።

እውነትም የለም። በማግስቱ ሠፈሩ ምን ሲያወራ ዋለ መሰላችሁ? መጀመሪያ የሮጠችው አልማዝ ናት! ልጆቹን ሁሉ ያተረፈች እሷ ናት! እትዬ ዘነበች በየቤቱ እየዞሩ ተናገሩ። እኔ እንደሆንኩ «ኧረ እኔ ነኝ» ለማለት ፈራሁ።

እውነቱን ያንኑ ማታ ነግሬያቸው ነበርና፣ አባባ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አነሱ። እኚያ ስለ ዝናብ የሚያወሩት አባባ! ተከትያቸው ሄጄ ከእነአልማዝ አጥር ውጪ ቆምኩ።

«ወይዘሮ ዘነበች!» አሉ፣ ግቢው ውስጥ ቆመው። «መሳፈሩን ወሰዳችሁ፣ ዝም አልን። መሮጥ ግን የእኛ ቤት ነው! አባቴም ልጄም ሲሮጡ የቀደማቸው የለም!»

«አልማዝ! ውሻውን ፍቺው!» አሉ እትዬ ዘነበች።

እስከ ዛሬ አቃቂ ውስጥ፣ ያን ቀን ውሻው ሲፈታ መጀመሪያ የሮጡት አባባ ናቸው ይባላል። ውሸት ነው። እሳቸው ሲደርሱ እኔ ቤት ገብቼ በሩን ከፍቼ እየጠበቅኳቸው ነበር።