የአበባ አበርካቿ ዕጣ

ዓለም ጥቁር ሲለን ደረታችንን እንነፋለን። በራችንን ዘግተን ስንቀመጥ ግን ቀይ፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ እያልን እርስ በርስ ቆዳ እንመራረጣለን። እናንተ አታደርጉትም አይደል? እኔም አላደርገውም እል ነበር።

እኩልነት ከሬዲዮ እስከ ቀበሌ ስብሰባ በሚዘመርበት በዚያ ዘመን፣ የአምስት ዓመቷ ልጄ መኪያ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ባለ መዋዕለ ሕፃናት ትማር ነበር። «ሁላችንም እኩል ነን» የሚለውን መዝሙር ቤቱን እስክታናጋው ትዘምረዋለች። አንድ ቀን ግን አኩርፋ መጣች። በዓመቱ መዝጊያ በዓል ለክብር እንግዳው አበባ የምታበረክት ልጅ ተመርጣለች፤ እሷ አይደለችም።

«ለምን?» አልኳት።

«አበባ ለቀይ ልጅ ነው የሚያምረው አለች ቲቸር።»

ደሜ ፈላ። አንዋር መስጊድ አጠገብ ያለውን የነጠላ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ገሰገስኩ። አስተማሪዋን ቲቸር አልማዝን ክፍሏ ድረስ ገብቼ አፋጠጥኳት። መዝሙሩ ለአፍ ማሟሻ ነው እንዴ? ረጋ ብላ አስጨረሰችኝና፦

«ጋሼ ሸምሱ፣ ባለፈው በሱቅዎ ሳልፍ ‹ነይ ቀዮ፣ ግቢ ቀዮ› ያሉት እኔን አይደል? እስቲ ይዩኝ፤ የቱ ጋ ነው የቀላሁት?» አለችኝ።

ቲቸር አልማዝ ከእኔም ትጠቁራለች። መርካቶ ውስጥ ግን ሴት ደንበኛ ሁሉ ቀዮ ናት፤ ጥቁርነት ይቅር የሚባልላት ጥፋት ይመስል! የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። አፈርኩ። ማፈር ግን መሸነፍ አይደለም።

«እኔም አጥፍቻለሁ፣ አንቺም አጥፍተሻል። ልጆቹ ግን ምን አጠፉ? ዕጣ ይውጣ!» አልኳት። «በእቁባችን እንኳ የቱጃሩም የተሸካሚውም ስም እኩል ተጠቅልሎ አንድ ጣሳ ይገባል።»

«ዳይሬክተሯ እሺ ባይሉስ?»

«እሺ እስኪሉ እዚሁ ነኝ» ብዬ የሕፃናት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ አገጬን ነካው። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ተፈቀደ።

በማግስቱ የክፍሉ ልጆች ስም በሙሉ ጣሳ ገባ። እኔም ሱቄ ውስጥ ዱዓ አደረግኩ። ፍትሕ እንዲሰፍን እንዳይመስላችሁ፤ ዕጣው ለመኪያ እንዲወጣ ነው።

ከሰዓት እየሮጠች መጣች። ዕጣው የወጣው ለማን መሰላችሁ? አስቀድማ ለተመረጠችው፣ ለዚያችው ለቀይዋ ሶስና!

«አይዞሽ ልጄ» ብዬ ማባበያ ከረሜላ ዘረጋሁላት።

«ምን ሆንኩና ነው አይዞሽ የምትለኝ?» አለች ከረሜላውን እየላጠች። «ስሜ እኮ ጣሳው ውስጥ ነበር!»